እግረኛ ሆይ፣ ለሞተር ቦታ ልቀቅ!

ባለፈው ማክሰኞ ፖስታ ቤት አካባቢ በእግረኛ መንገድ ላይ እየሄድኩ ነበር። ከኋላ ክላክስ ተነፋ። ያውም ረጅም ክላክስ። ዞር ስል ሞተር ነው። አዲሱ፣ ሰፊው፣ ንጣፉ ገና ያልተሸራረፈው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ «መንገድ ልቀቁ» ይላል። ከፊቴ የሚሄዱ እናት ደንግጠው ግድግዳ ተጠጉና «ይቅርታ ልጄ» አሉት። ልጁም አልተቀየማቸውም። «ችግር የለውም እናቴ፣ ግን ጎን ጎኑን ይሂዱ» ብሎ መክሯቸው አለፈ።

እናንተም ደርሶባችኋል፤ አውቃለሁ። ስለዚህ ዝርዝሩን ልዝለለው። ደግሞስ እስከ መቼ ስናማቸው እንኖራለን? የመሃል አዲስ አበባ ሞተረኞች ከዚህ ከተማ ያተረፉት እርግማን ብቻ ነው። ዛሬ በእግረኛ ሁሉ ስም ላመሰግናቸው ተነስቻለሁ። ውክልና የሰጠኝ የለም። እነሱስ ቢሆኑ በማን ፈቃድ ነው ደረታችን ላይ የሚነዱት?

ሲጀመር ባዶ ቦታ አይወዱም። የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከዚያም ወዲህ በብዙ ቦታ ለብስክሌት የራሱን መስመር ሠርቷል። ብስክሌተኛው እስኪበዛ ድረስ መስመሩ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ያሳዝናል። ሞተረኛው አዘነለትና ገባበት። መስመሩ ሲያልቅበት ደግሞ እግረኛው ጋ ወጣ። በሁለት ሰው መካከል ክፍተት ካየ ሆዱ አይችልም። ባልና ሚስት ተኳርፈው ትንሽ ተራርቀው ከሄዱ በመካከላቸው ሞተር ያልፋል። ትዳር እንዲህ ነው የሚጠበቀው።

ጊዜም አያባክኑም። ቀይ መብራት የሚጠብቀው ጉዳይ የሌለው ሰው ነው። «አንድ አቅጣጫ» የሚለው ምልክትም የተተከለው ለመኪና ነው። እኛም በዚህ ተጠቅመናል። ድሮ መንገድ ስንሻገር ግራ አይተን፣ ቀኝ አይተን ነበር። አሁን ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ፣ ኋላ፣ ከዚያ አንድ አጭር ጸሎት። የዚህ ከተማ ሰው አንገት እንዲህ የተፍታታው በማን መሰላችሁ?

ስለ ሄልሜት ብዙ ተብሏል። በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የሞተረኛን የመሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይሄ እንግዲህ ጭንቅላት ላይ ሲደረግ ነው። ክርን ላይ ሲንጠለጠል በስንት በመቶ እንደሚቀንስ የፈረንጅ ጥናት አይናገርም። እኛ በገዛ ልጆቻችን እየሞከርነው ነው። ትራፊክ ሲያዩ ብድግ አድርገው ጭንቅላታቸው ላይ ጣል ያደርጉታል። ትራፊኩን እንዳለፉት ወደ ክርን ይመለሳል። ክርን እንዲህ የሚከበርበት ከተማ አላውቅም። ማሰሪያውን ሳይቆልፉ የሚያደርጉትም አሉ። እነሱ ሲወድቁ ሄልሜቱ ቀድሞ ይሄዳል፤ ጭንቅላት በኋላ ብቻውን ይደርሳል።

በሥርዓት ያጠለቀው ሰውዬ ደግሞ ስልኩን በጉንጩና በሄልሜቱ መካከል ይሰካዋል። «አዎ፣ ካዛንቺስ ደርሻለሁ» ይላል፤ ገና ስታዲየም ነው። አድራሻ ሊያይ ሲፈልግ ስልኩን አውጥቶ አንገቱን ይደፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አድራሻ ለማንበብ ሦስት ሰከንድ ይበቃል እንበል። 42 ሜትር ሆነ። ስምንት ሚኒባስ ተሰልፈው ቢቆሙ የሚይዙት ርቀት ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ሳያይ ተጉዞ ምሳችንን በትኩሱ ያደርስልናል። ዐይኑን ከፍቶ ምሳ የሚያዘገይ ሰው ስንት አለ!

እኔ በግሌ የማደንቀው ግን ስፖኪዮ የነቀለውን ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ከነሁለት ስፖኪዮው ይልካል። ፋብሪካው የሜክሲኮን ጭንቅንቅ የት ያውቃል? በሁለት ሚኒባስ መካከል ሲሾልኩ ስፖኪዮ ይጋረጣል፤ ስለዚህ ይነቀላል። በዚያውም የሚሾልክባቸውን መኪኖች ስፖኪዮ በክርኑ እያጠፈ ይሄዳል። ክርኑ ሄልሜት ስላደረገ አይጎዳም። ከኋላ የሚመጣውን ለምን ይይ? ከኋላ የሚመጣው እሱን ይየው።

በቀደም ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ወደ ለገሃር በሚኒባስ ስንወርድ ከእነዚህ አንዱ ከፊታችን ገባ። ስፖኪዮ የለውም። ግን ሰው ጭኗል። ሰውየው ጀርባውን ለነጂው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ተቀምጧል። እቅፉ ውስጥ መስታወት አለ። የቁም ሳጥን መስታወት፣ ከጉልበት እስከ ግንባር የሚደርስ፣ የሚያብለጨልጨው ወገን ወደ ውጭ። ከሰውየው የሚታየው ጣቶቹና ጫማዎቹ ብቻ ናቸው።

እስከዚህ ያለውን በዐይኔ አይቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ትንሽ ቅመም ነክቶት ከሆነ ቻሉኝ።

ሾፌራችን ቀና ሲል ሚኒባስ ፊት ለፊት እየመጣበት ነው። ፍሬን ያዘ። ያም ያዘ። ረጅም መብራት አበራበት። ያም አበራ። በመስኮት ብቅ ብሎ ተሳደበ። ያኛውም ብቅ ብሎ አፉን ከፈተ። ረዳቱ በበኩሉ «ለገሃር፣ ስታዲየም!» ብሎ ሲጣራ ያኛውም ረዳት ተንጠልጥሎ ይጣራል። «የሰው ተራ ይነጥቃል እንዴ ይሄ!» ብሎ ታርጋውን ሊይዝ ቢሞክር ፊደሉ ተገልብጧል። «ኮንትሮባንድ ነው» ብሎ ፈረደ። ጋቢና የተቀመጠችው ልጅ ብቻ አልተደናገጠችም። ሊፕስቲኳን አወጣች።

ጥቁር አንበሳ ጋ ትራፊክ ቆሟል። ሞተሩ አጠገቡ ሽው ብሎ ሲያልፍ ዞር ብሎ ፊሽካውን ነፋ። መስታወቱ ውስጥም አንድ ትራፊክ ፊሽካ ይነፋል። ባልደረባዬ ይዞታል ብሎ ተወው። ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ ያለው የድንጋይ አንበሳም ከቆመ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አየ። ያን ሁሉ ዘመን ሲያስፈራራ የኖረው በዚህ ፊት መሆኑን ሲያውቅ ምን እንደተሰማው እንጃ።

ስለ መስታወቱ አበዛሁት መሰለኝ። አብዝቻለሁ። ግን አልጨረስኩም። እስቲ አስቡት፤ ስፖኪዮ ነቅሎ የጣለ ሰው የከተማውን ትልቁን ስፖኪዮ ተሸክሟል። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ ፍጡር ሁሉ ራሱን አየበት። ያላየበት ነጂው ብቻ ነው። ለገሃር ሲደርስ ፍሬቻ በማብራት ጣቱን አላደከመም። ግራ እግሩን ዘርግቶ ወደ ስታዲየም ታጠፈ። መስታወቱ ተሰበረ እስክል ጠብቃችሁ ከሆነ ታዝናላችሁ። አልተሰበረም። በሰላም ደረሰ። ነገ ቁም ሳጥኑን ይዞ ይመጣል።

የሚያንገበግበውም ይሄው ነው፤ በሰላም መድረሱ። ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በሰላም የደረሰ ሰው መቶኛውን አይፈራም። መኪና ሲጋጭ መጀመሪያ የሚጨማደደው ቆርቆሮ ነው። ሞተር ላይ መጀመሪያ የሚጨማደደው ልጁ ነው። ክረምት ሲገባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ሲያላቁጠው፣ የዜብራው ቀለም እንደ ሳሙና ሲያዳልጥ፣ ሁለት ጎማ ምን ያህል መሬት እንደሚይዝ የወደቀ ይናገር።

እግረኛ መንገድ ላይ የሚሄደውስ ማን ነው? ክራንች የያዘ ሰው ነው። የእናቷን እጅ ለቃ የምትሮጥ የሦስት ዓመት ልጅ ናት። ቢጫውን ንጣፍ በዘንጉ እየዳበሰ የሚሄድ ዐይነ ስውር ነው፤ በስንት ጊዜው ለኔም መንገድ ተሠራልኝ ብሎ አምኖ የወጣ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ሞተር ደግሞ ድምፅ እንኳ የለውም። በምን ይወቀው? ያ ቢጫ ንጣፍ ላይ ሞተሩን አቁሞ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ። ነውር ነው። ቀልድ የለውም፣ ነውር ነው።

ልጁን ብቻ መስደብ ደግሞ ይቀለናል። በጉዞ ብዛት እየከፈለ፣ ጓንት ሳይገዛለት፣ ሳያሠለጥነው «ቶሎ በል» የሚል ቀጣሪ አለ። ቢሮው ቁጭ ብሎ በየአምስት ደቂቃው «የት ደረስክ?» እያለ የሚደውል፣ በርገሩ ለብ አለ ብሎ ኮከብ የሚቀንስ ደንበኛ አለ። እስቲ የሰውን ዋጋ ደግሞ እዩት። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሰው ሞት ያስቀመጠው የካሣ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር። መገጨታችሁ ካልቀረ ንብረት ሆናችሁ ተገጩ።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ።

እሑድ ጠዋት አንዱን ልጅ ከፊት፣ ሚስቱን ከኋላ፣ ሚስቱ ጀርባ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ ጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚበረውን አባወራ ሳላነሳ አላልፍም። ሄልሜት ያደረገው እሱ ብቻ ነው። የቤቱ ራስ እሱ አይደል? ሌሊት መስቀል አደባባይ ዙሪያ ማርሚታ ቦርቡሮ የሚያጓራው ጎረምሳም ባለውለታችን ነው። ሕመምተኛው መድኃኒቱን የሚውጥበት ሰዓት እንዳያልፈው ይቀሰቅሰዋል። አንዳንዴ የፊት ጎማውን አንስቶ በኋላው ብቻ ይሄዳል። ሁለተኛውን ጎማ ለምን እንደገዛው ግን አልገባኝም።

አንዳንድ ምስጋና ቢስ «እንደ 2011 ይታገዱልን» ይላል። ያኔ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሞተር ከከተማው የታገደው በሞተር የሚፈጸም ነጠቃና ዘረፋ በዝቶ ነው። ለሥራ ፈቃድ ያላቸው ብቻ መንዳታቸውን ቀጠሉ። እኔ እገዳ አልጠይቅም። ስንቱ ቤት እሳት የሚነደው በዚያች ሞተር ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያን ጊዜ ከተማው «ኡ ኡ» ያለው ስልኩ ሲነጠቅ ነው። አሁን የሚነጠቀው ጉልበታችን ነው። ጉልበት ተሰርቆ የሚሸጥበት ገበያ ስለሌለ ነው መሰለኝ፣ ጩኸቱ ቀዝቀዝ ብሏል።

ስለዚህ መፍትሔው ከእኛ ከእግረኞች ይምጣ። ባዶ እጃችንን መንገድ ላይ መውጣታችን ነው ጥፋቱ። ከዛሬ ጀምሮ እግረኛ ስፖኪዮ ይግጠም። ሞተረኞቹ የነቀሉት በየጋራዡ ተከምሯል፤ በርካሽ ይገኛል። ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ በሽቦ ይታሰር። ጃንጥላ ለሚይዝ አንዱ ይበቃዋል። እናቶች ከነጠላው በላይ እንጂ ከሥር እንዳያስሩት። ፍሬቻም ያስፈልጋል። ሱቅ ሊገባ የሚታጠፍ እግረኛ ሃያ ሜትር ሲቀረው ያብራ፤ አለዚያ ከኋላው የነበረው ሞተረኛ «ድንገት ታጠፈብኝ» ብሎ ይከሰዋል። ወዳጁን አግኝቶ የሚቆም ሁለቱንም ፍሬቻ ያብራ። የኛ ሰላምታ ረጅም ስለሆነ ባትሪው ደህና ይሁን። ሄልሜት ግን አትግዙ። ሞተረኛው የማይጠቀምበት አለው፤ ሲያልፍ ከክርኑ ላይ መቀበል ነው።