መንገድ ማስፋት ብቻውን መጨናነቅን አያስቀርም

«የአዳማ ዋና ጎዳና በእጥፍ ቢሰፋ የትራፊክ መጨናነቁ ለዘለቄታው ይወገዳል» የሚለውን አስተያየት በአክብሮት ላርም እወዳለሁ። ሐሳቡ በብዙዎቻችን ዘንድ የተለመደ ቢሆንም በሌሎች ከተሞች የታየው ውጤት አይደግፈውም። በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ የሚገኘው ኬቲ ፍሪዌይ የተባለው አውራ ጎዳና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ተስፋፍቶ አንዳንድ ቦታ ላይ 26 መስመር ያህል ቢደርስም፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ጉዞው እንደገና ረዝሟል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ጉዞው ለጊዜው ስለሚቀል፣ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ መንገድ ይሄድ የነበረው ሰው፣ በአውቶቡስ ይጠቀም የነበረውም ጭምር፣ መኪናውን ይዞ ወደዚያው ይመጣል፤ ቤት አልሚዎችም ርካሽ መሬት ፍለጋ ከመሀል ከተማ ርቀው ስለሚገነቡ ነዋሪው በየቀኑ ረጅም መንገድ ለመጓዝ ይገደዳል። ዱራንተን እና ተርነር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች ተሽከርካሪዎች የሚጓዙት ርቀት አውራ ጎዳናው በጨመረበት መጠን ያህል እንደሚያድግ አሳይተዋል።

አዳማ አዲስ አበባን ከጅቡቲ በሚያገናኘው መስመር ላይ በመሆኗ፣ አላፊውን የጭነት መኪና ከከተማው ውስጥ እንቅስቃሴ መለየት ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። የከተማው ውስጥ ጉዞ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባጃጅ ሦስት፣ ሚኒባስ አሥራ ሁለት ያህል ተሳፋሪ ሲይዝ አንድ የከተማ አውቶቡስ ከሃምሳ በላይ ስለሚያጓጉዝ፣ ከአስፋልቱ ስፋት በፊት የአውቶቡስ መስመርና የእግረኛ መንገድ ሊጠየቅ ይገባል።