ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣት ሲያቅተው

ሰሞኑን እዚሁ ድሬዳዋ ለሥራ ፈላጊ ወጣቶች የፈጠራ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሰልጣኙ ገና ሲጀምሩ «የእኛ ሰው ከተለመደው ወጣ ብሎ ማሰብ አይችልበትም» አሉ። ይህን ስንሰማ ስለኖርን ለምደነዋል። ያናደደኝ መጨረሻ ላይ የተነገረው ውሳኔ ነው። የመሣሪያ ዝርዝርና የበጀት ጥያቄ ያልተያያዘበት ሐሳብ ለውድድር አይቀርብም ተባለ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ብዙ ገንዘብ የማይፈልግ ሐሳብ ቢኖረንስ ብላ ጠየቀች። «እሱ የድህነት መላ ነው፣ ፈጠራ አይባልም» የሚል መልስ ተሰጣት።

አቦ፣ ይሄማ ዝም ተብሎ አይታለፍም!

ቀኑን ሙሉ ስሙ ሲጠራ የዋለው ኤድዋርድ ዴ ቦኖ ነው። «ላተራል ቲንኪንግ» የሚለውን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው የማልታ ሐኪም። ሰውየው የሚለው ቀላል ነው። የምትቆፍረው ጉድጓድ ውኃ ካልሰጠህ እሱኑ እያጠለቅህ አትድከም፣ ሌላ ቦታ ቆፍር። በቃ። ችግሩን በፊት ለፊት ከመግፋት ጥያቄውን ራሱን ቀይረው ነው ነገሩ። እዚህ ውስጥ በጀት የት ጋ ነው ያለው? የሰውየውን ስም እየጠሩ ሐሳቡን መገልበጥ ምን ይባላል?

ይህን ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ መናገር ድፍረት ነው። ከተማዋ ራሷ እኮ የተወለደችው ጥያቄው ስለተቀየረ ነው።

ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ፣ መስመሩ የታሰበው ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር ደግሞ ወደ እንጦጦ ነበር። ሐረር ያኔ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ናት። ቡናውም፣ ቆዳውም፣ ነጋዴውም እዚያ ነው። ሐረር የማይደርስ ባቡር ምን ይሠራል? ማንም ቢሆን እንዲህ ነው የሚለው። ግን ተራራው አለ። ድሬ ያለችው 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መኪናው ያቃስታል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ አያልቅም። ባቡር ደግሞ ከመኪናም በላይ ዳገት አይወድም።

የተለመደው መልስ ምን ነበር? ተራራውን እንቦርቡር፣ ድልድይ እንደርድር፣ ለዚህም ገንዘብ ይጨመር ነው። ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ግን ገንዘብ ያጠረው ነበር፤ ብዙ ሳይቆይም ከስሯል። እንግዲህ የዛሬዎቹ አሰልጣኝ ያኔ ቢኖሩ ሐሳቡ በጀት የለውም ብለው ይመልሱት ነበር። እነዚያ ሰዎች ግን «ባቡሩ እንዴት ሐረር ይውጣ?» የሚለውን ጥያቄ ተዉት። ሐረርን ወደ ባቡሩ እናውርዳት አሉ። ሐዲዱ ሜዳ ሜዳውን ተዘረጋ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ደረሰና በጣቢያው ዙሪያ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ የወጣላት ስም «አዲስ ሐረር» ነው። ዕቃው ከላይኛው ሐረር በግመልና በበቅሎ ይወርዳል፣ ከታች በባቡር ይሄዳል። መስመሩም ተራራውን በግራ ትቶ፣ ቆላ ለቆላ ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የከዚራ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ የመጋላ ንግድ፣ ዛሬ ድሬ የምንላት ነገር በሙሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሥልጠናው የተሰጠበት አዳራሽ ሳይቀር ዳገት መውጣት አቅቶት ሌላ መንገድ ባሰበ ሰው ምክንያት የቆመ ነው። ይሄ የድህነት መላ ከሆነ፣ እኔ የዚህ መላ ልጅ ነኝ፣ አላፍርበትም።

ወደ ሐረር ብንወጣም ያው ነው። የጀጎል ግንብ የተሠራው ጠላትን ለመከላከል ነው። ግንብ ያለው ሰው ቀዳዳ ሲያይ ይደፍናል። ሐረሮች ግን ከግንቡ ሥር ለጅብ ቀዳዳ ተዉለት። በሌሊት ይገባል፣ የተጣለውን አጥንትና ትርፍራፊ ለቃቅሞ ይወጣል። ቀዳዳው ስም ሁሉ አለው፣ «ወራባ ኑዱል» ይሉታል። ሌላው ጅብን እንዴት እናባርረው ሲል እነሱ ምን እናሠራው ብለው ጠየቁ።

የጥንቱን ተዉት ካላችሁ ከፊራ ገበያ እንሂድ። በግንቦት ሙቀት፣ መብራት በጠፋበት ቀን። እዚያ ውኃ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ጄሪካኑን በጆንያ ጠቅልለው በደንብ ሰፍተውታል። ጆንያውን በየጊዜው ውኃ ያርከፈክፉበታል፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ጥግም ሰቅለውታል። እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ነገሩ በደንብ ይሠራል። ውኃው እንደ ፍሪጅ ባይሆንም ጉሮሮ ያርሳል፣ ገዢም አይጠፋም። ፍሪጅ ከየት ላምጣ ብለው ቢቀመጡ ኖሮ እስከ ዛሬ ማመልከቻ እየጻፉ ነበር። እሳቸው የጠየቁት ሙቀቱን እንዴት ላስወጣው ብለው ነው። ዴ ቦኖ ያለው ይህንኑ አይደል?

የምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ያረጁትን አባቶችም አልረሳቸውም። መለዋወጫ ከውጭ አልመጣ ሲል በቶርኖ ራሳቸው እየቀረጹ ነው ያን ሁሉ ዘመን ባቡር ያስኬዱት። ከእነሱ አንዱ እንኳ ለሥልጠናው ቢጠራ ምን ነበረበት?

አውቃለሁ፣ የደቻቱን ወንዝ የሚያነሳብኝ አይጠፋም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከ200 በላይ ሰው የበላን ጎርፍ በብልሃት ብቻ አይመለስም። መከላከያ ግንብ ብር ይፈልጋል፣ ሲሚንቶ ይፈልጋል። ይህን አልክድም። ግን ያ የመንግሥት ሥራ ነው። ለሃያ ዓመት ልጅ ገና ሳታስብ ብር ጠይቅ ብሎ ማስተማር ሌላ ነገር ነው። እንዲህ የሠለጠነ ልጅ ነገ ችግር ባየ ቁጥር ረጂ ነው የሚፈልገው። ሥራ ፈላጊ ብለን ሰብስበነው ገንዘብ ጠባቂ አድርገን እንመልሰዋለን።

ስለዚህ የውድድሩ ቅጽ ይቀየር። ጊዜው ገና አላለፈም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች እስከ ዛሬ እንዴት ተወጡት የሚል ጥያቄ ይግባበት። ልጆቹ ይህን ለመሙላት ከፊራ መውረድ፣ ወርክሾፑ ደጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር መቀመጥ ግድ ይሆንባቸዋል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥያቄውን በሌላ መልክ ጠይቁት ይባሉ። ብሩ ካስፈለገ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይምጣ።