ለክቡር የምንዛሬ ልዩነት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ ከባንኩ ሰሌዳ እስከ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ፣ "ዶላር አለ?" እያሉ ከሚያንሾካሹኩት የጥቁር ገበያ ልጆች ድረስ ባለው መሬት ላይ እንደሚኖሩ ይታወቃል። ብሔራዊ ባንክም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጎረቤት ናችሁ፤ ቡና ትጠራሩ እንደሆን እንጃ።

ዕድሜዎም እንደዋዛ አይደለም። በደርግ ጊዜ ዶላር በባንክ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ፍንክች አላለም። እርስዎ ግን ያኔም ከጀርባ ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. ዶላር 5 ብር ሲገባ ያበቃልዎ መስሎን ነበር። አላበቃልዎትም።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለ። ባንክ ቤት 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። እውነት ለመናገር ያኔ ቀጥነው ነበር። ድንኳን ልንተክልልዎ ስንል በጓሮ በር ተመልሰው ገቡ። ባንክ ውስጥ ሳይቀር "የአገልግሎት ክፍያ" የሚል የዳቦ ስም አውጥተው ተቀምጠዋል አሉ።

ባለፈው ለጉዞ ዶላር ፈልጌ ወደ አንድ ባንክ ሄድኩ። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ቲኬት፣ ምንም አልጎደለኝም። ሰሌዳው ላይ የዶላር መሸጫ ዋጋ ከነጥቡ በኋላ አራት አሃዝ ድረስ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ!

"ለጊዜው የለም" አለችኝ ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

"ታዲያ ይሄ ዋጋ የምንድነው?"

"የዕለቱ ነው።"

"መቼ ልምጣ?"

"ነገ ይሞክሩ።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወጥቼ የእግረኛ መንገዱን ሳልጨርስ አንድ ወጣት "ጋሼ፣ ስንት ፈለጉ?" አለኝ። ፓስፖርት አልጠየቀኝም።

እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ከሐምሌው ለውጥ በፊት 100 ዶላር በባንክ ስትልክ እናታችን የሚደርሳት 5,700 ብር ገደማ ነበር። "በሰው" ከላከችው ደግሞ እጥፍ ይጠጋ ነበር። እህቴ አገር ወዳድ ናት፣ በየስብሰባው ባንዲራ ትይዛለች። ግን ክቡርነትዎ በየወሩ "አገርሽን ወይስ እናትሽን?" ብለው ያፋጥጧታል። መልሷን እዚህ አልጽፈውም፣ ያስጠይቃል።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። ያቃጠለኝ የሽንኩርቱ ነገር ነው። የሰፈራችን ነጋዴ ሽንኩርት ጨመረ።

"ምነው?"

"ዶላር ጨመረ እኮ።"

ሽንኩርቱ የመጣው ከመቂ ነው። ቪዛ አላወጣም፣ ኤልሲ (ባንክ ለአስመጪ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና) አልተከፈተለትም። ነዳጁና ማዳበሪያው በዶላር ነው የሚገቡት ቢሉኝ እሺ፣ ይገባኛል። ግን እነሱ እንኳ በባንክ ዋጋ ነው የሚገቡት። የእሱ ሽንኩርት በየትኛው ነው የሚሰላው? በእርስዎ! ዶላር ጋብ ሲል ደግሞ "ይሄ የድሮው ዕቃ ነው፣ በውድ የገባ" ይለኛል። ሲወደድ የድሮ ዕቃ የለም፣ ሲረክስ አዲስ ዕቃ የለም። ይህን ሒሳብ ያስተማሩት ክቡርነትዎ እንደሆኑ አልጠራጠርም።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ከስልክ ቀፎ እስከ ቅቤ፣ ከመኪና ጎማ እስከ ጸጉር ቤት ያልገቡበት የለም። ደሞዜ ጋ ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለው አያውቁም። እኔ ስገዛ በጥቁር ገበያ ነኝ፣ ስከፈል በመንግሥት ተመን። እባክዎ አንድ ጊዜ የሒሳብ ክፍላችንን ይጎብኙ። ሁለተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ግን መለዋወጫው በዶላር ስለሆነ አይሠራም።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቤት አከራዬ (አይላክ፤ ካነበበው ይጨምራል)