ጃንጥላ ለፀሐይ፣ ባዶ እጅ ለላምፕ

ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለው ጥፍር ቤት ሰሞኑን አዲስ ማስታወቂያ ለጥፏል። «ጓንት አድርጎ ጄል ማስደረቅ አይቻልም።» ጄል በአልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር ላምፕ ሥር የሚደርቅ የጥፍር ቀለም ነው፤ ጓንቱ እጅን ከጨረሩ ለመከለል ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ሥራ ያጓትታል» አለችኝ ጥፍር ሰሪዋ። ቀጥላም ሳቀች፦ «ደግሞ እህቴ፣ ላምፑ ከፀሐይ አይብስም!»

ከፀሐይ አይብስም? እስቲ በሩ ላይ ብቅ ብላ የታክሲ ሰልፉን ትመልከት። ቀትር ላይ ሰልፉ ሙሉ ጃንጥላ ነው። ጃንጥላ የሌላት ነጠላዋን ትከናነባለች። ነጠላም ያልያዘች በደብተር ግንባሯን ትከልላለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ቀልድ አያውቅማ! ራሷ ጥፍር ሰሪዋም ታውቀዋለች፤ ሐምራዊ ጃንጥላዋ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል። ታዲያ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ስንሸሽ ውለን፣ ማታ ገንዘብ ከፍለን እጃችንን ትንሽ ፀሐይ የተቆለፈችበት ሳጥን ውስጥ እንከታለን። ያውም በቀጠሮ! ያውም በየሦስት ሳምንቱ! «ከፀሐይ አይብስም» ማለት እኮ መከላከያ አይደለም፣ ክስ ነው።

«ኤልኢዲ ነው፣ ዩቪ የለውም» የሚሉም አሉ። ጄሉ ታዲያ በምን ደረቀ፣ በጸሎት? አብዛኞቹ የኤልኢዲ ላምፖችም አልትራቫዮሌት ኤ ያወጣሉ። ይህ ጨረር ቆዳ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ያስረጃልም። ጥቁር ቆዳ ይረዳል እንጂ ግንብ አይደለም። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየዋጠች የመጣች ደንበኛማ ቆዳዋ በጨረር ይብስ በቀላሉ ይጎዳል። ግን ማን ጠይቋት?

በፈረንጆቹ 2023 የአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ ተመራማሪዎች ሴሎችን ላምፕ ሥር አስቀመጡ። በ20 ደቂቃ ከ20 እስከ 30 በመቶው ሞቱ። እሺ፣ ሰሃን ላይ ያለ ሴል እጅ አይደለም። በአንድ ቀጠሮ 20 ደቂቃ ላምፕ ሥር የሚቆይም የለም። ይሁን። ግን ስንት ዓመት ነው የምንመላለሰው?

የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር የሚለው ቀላል ነው፤ የመከላከያ ደረጃው (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን መቀባት፣ አለዚያ ጣቱ የተቆረጠ ጥቁር ጓንት ማድረግ። ጥፍሩ ውጭ ነው፤ ጓንቱ ምኑን አጓተተው?

ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ። የልጄን ወፍራም ጥቁር ጓንት ጣቶቹን ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ። ከከለከሉኝ ተራ ቀለም ተቀብቼ እወጣለሁ። እሱ እፍ ሲሉት ይደርቃል።