ይድረስ ለክቡር አፕዴት፣ ካሉበት

ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ጠዋት በሰው ፊት ስላዋረዱኝ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል።

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በእስክሪብቶ ነው። ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ስደርስ «ልጠፋ ነው፣ 10 ደቂቃ ቀረዎት» የማይለኝ መሣሪያ እሱ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ወደ ማክሰኞ ልግባ።

እንደሚያውቁት የምኖረው ገጠር ነው። (ምን የማያውቁት አለ? «ያሉበትን ቦታ እንድናውቅ ይፍቀዱልን» ብለውኝ ፈቅጃለሁ።) ሥራዬን ግን የምሠራው በላፕቶፕ ነው። ቤቴ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእህል ማስቀመጫው ክፍል መስኮት ሥር። ስለዚህ ቢሮዬ እዚያ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ስድስት ጆንያ፣ አንድ አካፋ። ጆንያው በካሜራ እንዳይታይብኝ ከጀርባዬ ነጭ አንሶላ ሰቅያለሁ። ልብ ብሎ ላላየው ግድግዳ ይመስላል።

ለዚያች ቀን ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቻለሁ። ስብሰባው ላይ 12 ሰው አለ። አለቃዬ አሉ፣ የአለቃዬ አለቃ አሉ፣ ገንዘቡን የሚፈቅዱት የሒሳብ ኃላፊም አሉ። ከወገቤ በላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ከወገቤ በታች የሌሊት ሱሪ ነው። ማን ያየዋል ብዬ።

እግሬ ሥር መቻል ተኝቷል። መቻል ውሻዬ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ የምችለውም እኔ ነኝ። እሱ ምንም አይችልም።

ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስደርስ መጡ። በስክሪኑ ቀኝ ጥግ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ። «ኮምፒውተርዎ ሪስታርት ማድረግ ይፈልጋል» አሉኝ። እሱ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገውን ማን ጠየቀኝ? ከሥር ሁለት ቁልፍ አለ፤ «አሁን» እና «ቆይተው ያስታውሱኝ»። «አይ» የሚል ቁልፍ የለም። በዚህ ቤት «አይ» ሲባል የማይገባው ከእርስዎ ሌላ ፍጡር የለም። መቻል እንኳን ይገባዋል፤ ባይታዘዝም ይገባዋል።

እየፈገግኩ «ቆይተው» የሚለውን ነካሁ። አራተኛው ስላይድ ላይ ተመልሰው መጡ። «ቆይተው» ማለት ለእርስዎ ሁለት ደቂቃ ናት ማለት ነው።

በዚህ መሃል የላፕቶፑ ፋን ማቃሰት ጀመረ። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ነው፤ የውሻ ጆሮ ግን እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። እኔ ማቃሰት ያልኩት ለመቻል ምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ጆሮውን አቁሞ ተነሣ። ልክ ያን ጊዜ ከጆንያው ጀርባ አይጡ ወጣ። ይህን አይጥ በመልክ አውቀዋለሁ። ተረጋግቶ፣ የግቢው ባለቤት መስሎ፣ በጠረጴዛዬ ላይ አቋርጦ ሄደ። መቻል ዘለለ። የፊት ቀኝ እግሩ ኪቦርዱ ላይ አረፈ። ያ ሁሉ ቁልፍ እያለ የረገጠው ኤንተርን ነው። እርስዎ ደግሞ «አሁን» የምትለዋን አስቀድመው አድምቀው አዘጋጅተዋት ኖሯል።

ስምምነቱን የፈረመልዎ ውሻ ነው። ፍርድ ቤት ብንሄድ ይህን አነሣለሁ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። «በማሻሻል ላይ፤ 1 በመቶ። እባክዎ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ።»

በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ሰው ይቋረጥበታል፣ ያለ ነው። እኔ ግን ጨዋ ነኝና ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ በስልኬ ገባሁ። ስልኩን ጆንያ ላይ አስደግፌ አቆምኩት። «በማገናኘት ላይ» ይላል፣ ክቧ ትዞራለች። እኛ ዘንድ ይህች ክብ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ትዞራለች፤ ስለዚህ አላመንኳትም። አንሶላው በመቻል ጭንቅላት ላይ ወድቋል። አይጡ ጠረጴዛው ሥር ገብቷል፣ የቻርጀሩ ገመድ ደግሞ እዚያው ነው። ተንበረከክሁና ጭንቅላቴን ከጠረጴዛው ሥር አስገባሁ። ጀርባዬ ወደ ስልኩ ነው። ጀርባዬ ያልኩት ለጨዋነት ነው።

በሕይወቴ ኔትወርክ ፈጥኖ የያዘልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ኋላ እንደነገሩኝ የሒሳብ ኃላፊው «እሱ እስኪመለስ እኔ ስለ በጀቱ ጥቂት ልበል» ብለው ጀምረው ነበር። ያን ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር የእኔ ድምፅ ወጣ፤ «አንተ ሌባ! ሌሊት ሌሊት ጆንያ ስትቀድ ታድራለህ፣ ቀን ቀን እንደ ጨዋ ትንጎራደዳለህ! ሆድህ ነው የሚያስይዝህ!»

ኃላፊው ደግሞ ሆድ አላቸው።

«ጋሼ፣ ማይክዎ ክፍት ነው» አለች አንዲት ልጅ። ሰማኋት፤ ግን ከእኔ ዘግይታ። እኔ ቀድሜ «መቻል፣ ያዘው!» ብያለሁ። ዞር ስል 12 ትንንሽ መስኮት ያየኛል። 11 ሰው አፉን በእጁ ይዟል። አንደኛው ካሜራቸውን ዘግተዋል። የሌሊት ሱሪዬ ከኋላ ቀዳዳ እንዳለው ያወቅሁት ከሰዓት በኋላ ነው። እነሱ አስቀድመው አውቀዋል።

እርስዎ ያን ሰዓት 27 በመቶ ላይ ነበሩ።

ስብሰባው አለቀ፣ እርስዎ አላለቁም። መቶ ከሞሉም በኋላ «ትንሽ ይቀራል» አሉ። ከመቶ በላይ ምን ሊቀር እንደሚችል የሒሳብ ኃላፊውን እጠይቅ ነበር፤ አኩርፈውኛል እንጂ። ከአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ «እንኳን ደህና መጡ!» ብለው ተቀበሉኝ፤ በገዛ ላፕቶፔ። ምን አሻሻሉ? በግራ የነበረውን ነገር ወደ መሃል ወስደዋል። ደመናና ፀሐይ የምታሳይ ሥዕል ጥግ ላይ ለጥፈዋል። ዝናብ መኖሩን በመስኮት አየዋለሁ እኮ፤ ቢሮዬ መስኮት ሥር ነው።

አማርኛዬን ግን ወስደውብኛል። ለአለቃዬ «ይቅርታ» ብዬ ጻፍኩ። አራት ፊደል ናት፤ ስትሄድ አራት ባዶ ሳጥን ሆነች። አለቃዬ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው መለሱ። ማብራሪያ ጻፍኩ። 63 ሳጥን ሆነ። መልስ የለም።

ከዚያ ምን ጠየቁኝ? «ማሻሻያውን እንዴት አገኙት? በኮከብ ይመዝኑልን።»

እኔ ከአውሬ ጋር የምኖር ሰው ነኝ፣ ጥፋት አዲስ አይሆንብኝም። እንሽላሊቷ ራውተሩ ላይ ትተኛለች፤ ሙቀት ፈልጋ ነው። ጉንዳኑ ሶኬት ውስጥ ይገባል፤ የራሱ ጉዳይ አለው። አይጡ ባለፈው ወር የማውሴን ገመድ በልቷል። የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 ከእንጨት ሲሠራ ያን ስም ያገኘው ገመዱ ጭራ ስለመሰለ ነው ይባላል፤ የእኔ አይጥ ግን ዝምድናውን አልተቀበለም። ቢሆንም ምክንያት አለው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ ካላኘከ አፉን አልፎ ይሄድበታል። የእርስዎ የትኛው ጥርስዎ ነው የሚያድገው?

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ማርክ 2 የተባለ ኮምፒውተር ተበላሸ። ከፍተው ሲያዩት የእሳት እራት ሞታ ተገኘች። አውጥተው መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏት። እስካሁንም ተቀምጣለች። እንዲህ ነው እንጂ! ጥፋተኛዋ ተያዘች፣ ታየች፣ ተመዘገበች። እርስዎ ግን በየወሩ «ልዩ ልዩ ስህተቶች ተስተካክለዋል» ይላሉ። የትኞቹ? አንድ ክንፍ እንኳን አሳይተውኝ አያውቁም።

ዳታውንም ላንሣው። ለወር የገዛሁትን ጥቅል ሌሊት ተኝቼ ሳለ ጨረሱት። ጠዋት የእርዳታ ማዕከሉ «ዳታዎን እንዲቆጥቡ እንመክራለን» ብሎ ጻፈልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

«አያጥፉ» ስለሚሉት፤ እኔ አላጠፋም። መብራቱ ነው የሚጠፋው። ለእሱ ይጻፉለት።

እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ዊንስተን የተባለ እርግብ 4 ጊጋባይት የያዘ ሚሞሪ ካርድ እግሩ ላይ ታስሮለት 80 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር መገልበጡ ተጨምሮ ከ2 ሰዓት ብዙም አልዘለለም። በዚያው ጊዜ በኢንተርኔት መስመሩ ያለፈው 4 በመቶ ነበር። ጣሪያዬ ላይ እርግቦች አሉ። ባየኋቸው ቁጥር እናደዳለሁ። ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱን በቀልድ ማለፍ አልቻልኩም።

ከማክሰኞ በፊት ነው። ጎረቤት መንደር ያሉ እማማ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው መጡ። ቅጽ ሊሞሉ። ኦንላይን ካልሆነ አንቀበልም ተብለዋል፤ የመጨረሻው ቀንም ያው ዕለት ነበር። በአካባቢው ኮምፒውተር ያለው እኔ ጋ ነው። ስም ሞላን፣ የአባት ስም ሞላን፣ የትውልድ ቀን ሁለት ጊዜ ሞላን። የሚስጥር ቁጥሩ የሚመጣው በልጅ ልጃቸው ስልክ ነው፤ ልጁ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታው ላይ ወጥቶ ቁጥሩን እየጮኸ ነገረን። ስድስተኛው ገጽ ላይ ደረስን። አንድ ገጽ ቀረን። መጣህ። ከጠዋቱ 2 እስከ ማታ 12 የሥራ ሰዓቴ ነው፣ አትምጣ ብዬ በራስህ ቦታ ላይ ሞልቼልህ ነበር። 5 ሰዓት ላይ መጣህ። ስትጨርስ ቅጹ «ጊዜዎ አልፏል፣ እንደ አዲስ ይጀምሩ» አለ። ልንጀምር ስንል መብራት ሄደ።

እማማ ስክሪኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አሉ።

ምን ልበላቸው? አንተ ንገረኝ። ምንም አላጠፉም። ሁለት ሰዓት መጥተዋል፣ ሁለት ሰዓት ይመለሳሉ፣ ጫማቸው በጭቃ ከብዷል፣ አንተ ግን አስር ደቂቃ መጠበቅ አልቻልክም። የሠራህ ሰው መብራት ጠፍቶበት ያውቃል? ቁጥር ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ያውቃል? አንዲት «አይ» የምትል ቁልፍ መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ማን ነው እሳቸው ላይ የሾመህ?

ይቅርታ። «አንተ» አልኩዎ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

ስብሰባው እንዲደገም አለቃዬ ፈቅደዋል። የፊታችን ሐሙስ 4 ሰዓት ነው። የሒሳብ ኃላፊውም ይገኛሉ፤ ካሜራቸውን እንደማይከፍቱ ግን አስቀድመው አሳውቀዋል። ሱሪዬን ሰፍቻለሁ። የአይጡን ቀዳዳ በድንጋይና በጭቃ ደፍኛለሁ። መቻል ሐሙስ ጠዋት ውጭ ዛፍ ሥር ይታሰራል። እንሽላሊቷን በአካል አነጋግሬ ወደ ሌላው ግድግዳ አዛውሬያታለሁ። ያላነጋገርኩት የቀረ እርስዎን ነበር።

ረቡዕ ማታ ይምጡ። ከፈለጉ እስኪነጋ ይቀመጡ። ዳታ እገዛልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመቻል (ፈራሚ ስለሆነ)
ለአይጡ (ባያነበውም ወረቀቱ አይባክንም)

አባሪ፦ የተበላ የማውስ ገመድ፣ አንድ