በሳምንቱ የመጣው ትኩሳት

ሰሞኑን ደሴ፣ ሰፈራችን ውስጥ ቡና ተጠርቼ ነበር። አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ወደ ክትባት ዞረ። አንዲት ጎረቤታችን ልጇን የ15 ወሩን የኩፍኝ ክትባት አላስከትብም አለች። «የ9 ወሩን ተወግቶ በሳምንቱ እንደ እሳት ነደደብኝ። ደህናውን ልጅ ምን አሳመመኝ?» ሁሉም «እውነትሽን ነው» አላት። እኔም አፌን ፈንዲሻ ሞልቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ስላንገበገበኝ ይኸው እጽፋለሁ።

«በሳምንቱ» ያለችው ነገር ትልቅ ነው። ልጁን ያተኮሰው መርፌው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ነበር። ክትባቱ የተዳከመ የኩፍኝ ቫይረስ ነው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ትንሽ ይባዛል። ጠባቂ ነጭ የደም ሴሎች ያገኙትና ቁራጩን ይዘው ወደ ንፍፊት ይሄዳሉ። አዎ፣ እግራችን ሲቆስል ብሽሽታችን ላይ የሚያብጠው ያው ንፍፊት። እዚያ ካሉት እልፍ ሴሎች መካከል ለዚያ ቫይረስ ልክ የሚሆኑት ተፈልገው ይባዛሉ። ይህ ቀናት ይፈጃል። በመሃል ሴሎቹ ለአንጎል መልእክት ይልካሉ፤ አንጎልም ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ትኩሳቱ የራሱ የልጁ ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይበርዳል። ከበረታ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ወደ ሐኪም ነው።

«ታዲያ ሰውነቱ ኩፍኝን መለየት አንዴ ከተማረ ሁለተኛው ክትባት ለምን?» ትሉ ይሆናል። በ9 ወሩ ከሚከተቡት የማይማሩም አሉማ! ከ100 ሕፃናት 85 ገደማ ናቸው የሚማሩት። አንዳንዱ ከእናቱ የወረሰው ፀረ እንግዳ አካል (ቫይረስን የሚይዝ የደም ፕሮቲን) ገና አላለቀም፤ ክትባቱን ሥራ ሳይጀምር ያከሽፍበታል። የ15 ወሩ ለነዚህ ሁለተኛ ዕድል ነው።

ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር «ኢሙኒቲ ይጨምራል» የሚለውን የኮሮና ጊዜ ምክር አልነቅፍም። እኔም ጉንፋን ሲይዘኝ እጠጣዋለሁ፣ ጉሮሮ ያሞቃል። ሴሎቹን ከኩፍኝ ጋር ግን አያስተዋውቅም።

ኩፍኝ ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው። ሰውነት ስለ ሌሎች በሽታዎች ካጠራቀመው ትውስታ ከፊሉን ይሰርዛል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል። ልጁ ከኩፍኝ ድኖ እንኳ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ቀድሞ ለሚያውቃቸው አንዳንድ ተህዋስያን እንግዳ ይሆናል። ቫይረሱ አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ብርድ ፈርተን መስኮቱን የምንዘጋበትን ሚኒባስ አስቡት።

ለጎረቤቴ፦ አብሽሪ፣ ቀኑ ቢያልፍም ይከተባል። ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ሰኞ ገበያ ስትወርጂ ካርዱን ያዢ፤ ልጁን እኔ አዝልልሻለሁ።