ክርክር፦ ቤንዚንና ኬሚካል ወሎ በባቡር ይግባ ወይስ በቦቴ?

የኮምቦልቻው፦
የኔ አቋም ግልፅ ነው፣ ባቡር። ቤንዚን የጫነ ቦቴ ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ በባቲ አድርጎ እኛ ጋ እስኪደርስ ስንት ከተማ መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ያየ ያውቀዋል፣ ህፃን የሚሻገርበት ባጃጅ የሚታጠፍበት በግ የሚነዳበት አስፋልት ላይ ነው እኮ፣ ሹፌሩ ደሞ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ እንቅልፍ እየታገለው። ባቡር የራሱ መስመር አለው፣ ፊት ለፊት የሚመጣበት አይሱዙ የለም። አንዱ ቫጎን፣ ማለት የባቡሩ ተጎታች፣ ከአንድ ቦቴ በላይ ስለሚይዝ ሃያ ቫጎን ማለት ቢያንስ ሃያ ቦቴ ከመንገድ ወጣ ማለት ነው። የአዋሽ ኮምቦልቻው ሀዲድ ደሞ አዋሽ ላይ ከጅቡቲው መስመር ጋር ይገናኛል፣ ስራው እ.ኤ.አ በ2015 ተጀምሮ ሀዲዱ ተዘርግቶ፣ አገልግሎት ሳይሰጥ ቁጭ ብሏል፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የደሴው፦
ልጄ፣ ባቡሩ ይጀምር፣ እኔም ጠዋት ማታ የምመኘው ነው። ግን ባቡሩ ደሴ አይወጣም። ኮምቦልቻ ያራግፋል፣ ከዛስ? በቦቴ ሀረጎን፣ በኮምቦልቻና በደሴ መሃል ያለውን ዳገት፣ ይወጣል። በጣም የምፈራው መንገድ ላይ አንድም መኪና አልቀነስክልኝም ማለት ነው።

ስጋት ሲሰላ ሶስት ነገር ነው የሚባዛው፣ መኪናው እዛ ኪሎሜትር ላይ የመጋጨት እድሉ፣ ከተጋጨ ታንከሩ የመቀደድ እድሉ፣ ከተቀደደ ደሞ ዙሪያውን ያለው ሰው ብዛት። ሚሌ በረሃ ላይ ሶስተኛው ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ግን ህዝብ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ወልዲያ የሚሄደውም በከተማችን ነው የሚያልፈው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ቦይ ለቦይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ደሴ ደሞ ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ታች ሰፈር ከሰል አያይዛ ቡና የምታፈላ ሴት ምንም ሳታውቅ እሳቱ ከሷ ተነስቶ ወደ ላይ ወደ መኪናው ይሮጣል።

ደሞ ባዶ ቦቴ ሲመለስ ማንም አይፈራውም። እኔ ነድቼዋለሁ፣ ቤንዚን አራግፎ ያልታጠበ ታንከር ውስጡ ትነትና አየር ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው፣ ከሙሉው ይልቅ ይሄ ሊፈነዳ ይችላል። ሀረጎን ስትወርድ በከባድ ማርሽ ካልያዝከው ፍሬኑ ይግላል፣ ሽታው ካቢን ይገባል፣ ከዛ በኋላ ፔዳሉ ብትረግጠውም አይዝልህም።

የኮምቦልቻው፦
ጋሼ የሀረጎው እውነት ነው፣ ግን ያሉት እኮ መንገዱን ነው የሚከሰው! ኬንያ ሳቻንግዋን እ.ኤ.አ በ2009 አንድ ቦቴ ተገለበጠ፣ ህዝቡ ጀሪካን ይዞ ሊቀዳ ሲረባረብ እሳት ተነሳና ከ100 ሰው በላይ ሞተ። እንደዚህ አይነቱ እኛ ጋ ቢሆን ጀሪካን ይዞ የማይሮጥ ስንት አለ? ሃዲድ ብዙ ቦታ ከሰው ርቆ ስለሚሄድ ይሄ ይቀንሳል።

የደሴው፦
ይቀንሳል፣ ሲመጣ ግን አብዝቶ ነው የሚመጣው። ካናዳ ላክ ሜጋንቲክ እ.ኤ.አ በ2013፣ 72 ቫጎን ድፍድፍ ነዳጅ የጫነ ባቡር ተዳፋት ላይ ሰው ሳይጠብቀው ቆመ፣ የእጅ ፍሬኑ በበቂ አልተያዘም፣ ሌሊት ራሱ ተንከባሎ ከተማ መሃል ገባና 47 ሰው ገደለ። ኮምቦልቻ ደሞ በተራራ ተከባ ሜዳው ላይ ያለች ከተማ ናት። ቫጎኑ የት ይቆማል፣ ማን ያድርበታል፣ ዴፖው ከመኖሪያ ቤት ስንት ሜትር ይርቃል? ክሎሪን የሚባለው መርዛማ ጋዝ ቢሆንስ የሚመጣው? ከአየር በሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ይከብዳል፣ ንፋስ በሌለበት ሌሊት የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ናፍጣ አንድ ነገር ነው፣ ቤንዚን ሌላ፣ ክሎሪን ሌላ፣ ሁሉንም ነዳጅና ኬሚካል ብለን በአንድ ሚዛን ከለካን ስሌቱ ከመነሻው ተበላሸ።

የኮምቦልቻው፦
የላክ ሜጋንቲኩ የፍሬንና የጥበቃ ጉድለት ነው ጋሼ፣ በመመሪያ ይታረማል፣ የደከመ ሹፌር ግን በመመሪያ አይታረምም። ባቡሩ ስራ እስኪጀምር ቦቴ ሀረጎንና ደሴን የሚያልፍበት ሰዓት ይወሰን ካሉ እፈርማለሁ፣ ገበያ ቀን በተለይ። ሃዲዱ ግን ሳር ይብቀልበት የሚለውን አልቀበልም።

የደሴው፦
ሳር ይብቀልበት መቼ አልኩ? መጀመሪያ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ቁራጭ ለብቻው ይሰላ፣ ለከባድ መኪና ከከተማ ውጪ የሚያልፍ መንገድ ይታሰብ፣ ከዛ የባቡሩን ጭነት አምጡ ነው የምለው። ደሴ ላይ የሚቃጠለው ሰው በአዋሽ ሃዲድ ደህንነት አይድንም።